ከአቡጀዲው ወዲያ የቆመው ሕዝብ

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ክቡራትና ክቡራን የቦርድ አባላት፣ የድርጅታችን ባልደረቦች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን አዳራሽ ለፈቀደልን ለሰበታ ማዘጋጃ ቤት፣ ከትናንት ጀምሮ ወገባቸውን ታጥቀው ለደከሙት እናቶችና እኅቶች፣ ከአዲስ አበባም እዚህ ድረስ ለእኔ መሸኛ ብላችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሊቀ መንበራችን ፊታውራሪ ገብረየስ ስለ እኔ የተናገሩትን ሰምቻለሁ። ጥቂቱ እውነት ነው። የቀረውን በትዕግሥት አዳምጫለሁ።

«አቶ ወርቁ ቁጡ ናቸው፤ ቁጣቸው ግን ለሥራ ነው» ብለውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬም ተቆጥቻለሁ። ዛሬም ለሥራ ነው። «ጊዜያችሁን አልወስድም» ብሎ የሚጀምር ተናጋሪ ምን ያህል እንደሚያስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። እኔ እወስዳለሁ።

አቶ ዳኜ ከወዲያ «ወጡ ይቀዘቅዛል!» ይላሉ። ይሞቅልዎታል፣ አቶ ዳኜ። እኔ የምናገረው ነገር ግን ነገ ቢሞቅ አይጠቅምም።

በዚህ ቦርድ ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ። ድርጅታችን የተቋቋመው አገራችን የራሷ ፊልምና የራሷ የቴሌቪዥን ዝግጅት እንዲኖራት ድጋፍ ለመስጠት ነው። እኛ ሰባት ሰዎች የትኛው ፊልም ይሠራ፣ የትኛው ይቅር ብለን እንወስናለን። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ የተሠራውን ሕዝብ እንዲያየው ብለን የሲኒማ መኪና አሰማራን። መኪናዋ ወዴት ትሂድ ሲባል ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አልን። ለምን? ቃለ ጉባኤው «ለሙከራ አመቺ ስለ ሆኑ» ይላል። እውነቱን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ምረቃ ላይ ታይተን ለራት ቤታችን የምንደርስባቸው ከተሞች እነዚህ ናቸው። ተጂ እንኳ ራቀችን። ተጂ ያደግሁት እኔ ራሴ «ትርቃለች» ብዬ እጄን አውጥቻለሁ።

የመኪናዋን የአሠራር መመሪያ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት አንቀጽ አለው። ጄኔሬተሩ ከሕዝቡ ስንት ክንድ ይራቅ፣ አቡጀዲው በስንት ሳምንት ይታጠብ፣ ሁሉም አለበት። ለእንግዶቻችን ልንገር፤ አቡጀዲ የምንለው በሁለት ቋሚ እንጨት መካከል የምንወጥረውን፣ ፊልሙ የሚታይበትን ነጭ ጨርቅ ነው።

አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ «ከአቡጀዲው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ለክቡራን እንግዶች በገመድ ይታጠር፤ ወንበርም ይደርደርበት። እንግዶቹ ባይገኙም ቦታው ይከበር።»

እንግዶቹ ባይገኙም! ይህን የጻፈ ሰው ተምሯል ይባላል። ባሕር ተሻግሮ፣ ዲግሪ ይዞ ተመልሷል ይባላል። የተከበረ እንግዳ ዘግይቶ ቢመጣ ከሰው ጋር እንዳይጋፋ ብዬ ነበር ያሰብሁት። እናንተም አጽድቃችሁ አጨበጨባችሁልኝ። ሕዝቡ ታዲያ የት ይቁም ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ባጫ ልምጣ።

ፊታውራሪ፣ ፊትዎ ሲለወጥ አይቻለሁ። ቢሆንም እመጣለሁ።

ባጫን ታውቁታላችሁ። የሲኒማ መኪናዋን የሚነዳ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ፣ ፊልሙ ሲበጠስ በጨለማ በጣቱ ዳብሶ የሚቀጥል ሰው ነበር። የቡራዩ ልጅ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ እዚያው ቡራዩ ላይ ፊልም ሲያሳይ እንግዶቹ ቀሩ። ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ባጫ ገመዱን ፈታና ሕዝቡን ወደ ፊት አስገባ። ዘበኛው ሪፖርት አደረገ። እኔ ቢሮዬ አስጠራሁት።

«ጌታዬ፣ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ» አለኝ።

«አንቀጽ ዘጠኝን አንብበሃል?»

«አንብቤአለሁ።»

«ምን ይላል?»

«ባይገኙም ይከበር ይላል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጌታዬ፣ ሕዝቡ ከወዲያ ነው። ከወዲያ ሲታይ ደግሞ…»

«የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ!» አልሁት።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁለት። ያን የጀመረውን ነገር ቢጨርሰው ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አልናገርም ነበር። አላስጨረስሁትም። ለማስጨረስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ቀጥሎ እዚህ ሰበታ የሆነውን አብረን አይተናል፤ ወይም አይተናል ብለናል። ድጋፍ ሰጥተን ያሠራነው የንጽሕና ፊልም ነበር። አንድ አባት እጁን ይታጠባል፤ ያማትባል፤ ይቆርሳል፤ ይበላል። ከዚያ በትላልቅ ፊደል «እጅህን ሳትታጠብ አትብላ» የሚል ይመጣል። የምረቃው ዕለት ሰባታችንም ከፊት ተቀምጠን ነበር። የመጀመሪያው ጥቅል አልቆ ሁለተኛው እስኪገባ እንኳ አልቆየንም። ራት ነበረብን።

በሳምንቱ ከከተማው ሽማግሌዎች ደብዳቤ መጣ። «ያሳያችሁን ሰው በግራው ይበላል፤ ይባስ ብሎ በግራው ያማትባል። ልጆቻችን ነውር እንዲማሩ አልላክናቸውም። ፊደሉንም ተማሪዎቻችን ሊያነቡት አልቻሉም» የሚል። አቶ ዳኜ እንባዎ እስኪመጣ ሳቁ። ፊታውራሪ ተቆጡ። ፊልሙን ቢሮ አስመጥተን አየነው። ሰውዬው በቀኙ ነው የሚበላው! ቢሮ በቀኝ፣ ሰበታ በግራ እንዴት ይሆናል? ሰው ገልብጦት ነው እንጂ! ማነው የገለበጠው? ማሽኑን የያዘው ነዋ! ቀድሞ ማስጠንቀቂያ አለበት፤ አመለኛ ነው፤ ይባረር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ፊልሙ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ፣ ከፊት የተቀመጥነው እኛ አናየውም ነበር? ሰባት ሰዎች ነን። አሥራ አራት ዓይን አለን። ያ ሰው በቀኙ ሲያማትብ በዚሁ ዓይናችን አይተናል። ያየነውን ትተን ባጫ ገለበጠው ብለን ፈረምን። የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ወሰንን። «የአካባቢው ሕዝብ ለፊልም ገና ያልበሰለ በመሆኑ» መኪናዋ የሱሉልታን ተራ ጨርሳ ጋራዥ ትግባ አልን። ያልበሰለ! ይህችም ቃል የእኔ ናት። ረቂቁ ላይ «ያልለመደ» ይል ነበር፤ እኔ አርሜ «ያልበሰለ» አልሁት።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ እርስዎ ያን ዕለት «ሰውዬውን ጠርተን እንጠይቀው» ብለው ነበር። አስታውሳለሁ። «ወይዘሮ፣ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ብዬ ያስቀመጥሁዎት እኔ ነኝ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ባለፈው ጥር፣ መኪናዋ ለመጨረሻ ጊዜ ሱሉልታ የምታሳይ ዕለት፣ ዕቃውን አይቼ ልረከብ ብቻዬን ሄድሁ። ከከተማው ሳልደርስ ጎማዬ ፈነዳ። ሾፌሩን ከመኪናው ጋር ትቼ፣ ሣሩ በታጨደበት ሜዳ አቋርጬ በእግሬ ገባሁ። ጀንበር ጠልቃለች፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ወደ አራት መቶ የሚሆን ሰው ቆሞ አቡጀዲውን ያያል። እኔም ከኋላቸው ሄጄ ቆምሁ።

ብድግ ብሎ አንድ ሰው በግራ እጁ አማተበ። አቡጀዲው ላይ ነው የምላችሁ። ያው አባት፣ ያው የንጽሕና ፊልም።

ደሜ ፈላ። «ይህኛውም ገለበጠው! ይህንንም አባርረዋለሁ!» አልሁ። አዲሱ ፊልም አሳያችን ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።

አጠገቤ ጋቢ የደረበ አንድ ገበሬ ቆሟል። ስሙን በኋላ ነው የጠየቅሁት፤ ኦቦ ጎበና ይባላል።

«አካም ኦልተኒ» አልሁት።

ሰላምታዬን መለሰና ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «አንቱ የአዲስ አበባ ሰው ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ። እናንተ ዘንድ ሰው ሁሉ ሀርካ ቢታ ነው? ግራኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም!»

«ይኸው ነው'ኮ። የሚበላው በግራ፣ የሚጨብጠው በግራ። ባለፈው ፊልም የመጣውም ሐኪም በግራ ነው መርፌ የሚወጋው። ሚስቴ 'ከተማ ብሄድ በየትኛው እጄ ልጨብጣቸው' ብላ ተቸግራለች።»

«ይህ የማሽነኛው ጥፋት ነው። አሁን አሳየዋለሁ!» ብዬ ሕዝቡን እየገፋሁ ወደ ፊት ሄድሁ። ማሽኑን ፈለግሁ። የለም። ደግሜ ፈለግሁ። ማሽን የለም! ፊልሙ ይታያል፤ ማሽኑ የለም። ሰዉ አሁን አቡጀዲውን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ።

ለካስ ማሽኑ ከአቡጀዲው ወዲያ ነው። አራት መቶውም ሰው የቆመው ከጨርቁ ጀርባ ነው። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ፊደሉም ተገልብጦ ይታያል።

ዞሬ ወደ ፊት ለፊቱ ሄድሁ። ምን ያየሁ ይመስላችኋል? ዐሥራ ስምንት ወንበር ተደርድሯል። አንድ ሰው አልተቀመጠበትም። ዙሪያውን ገመድ፤ ገመዱ አጠገብ ዱላ የያዘ ዘበኛ። ባዶው ወንበር ፊልሙን በትክክል ያያል።

ገመዱን ከፍ አድርጌ ልገባ ስል ዘበኛው ያዘኝ።

«አይቻልም! የክቡራን ቦታ ነው!»

«ክቡሩ እኔ ነኝ!» አልሁት።

«ሁሉም እንዲህ ይላል» አለኝ።

ሳቁ። እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። ዘበኛው ትክክል ነበር። አንቀጽ ዘጠኝን እያስከበረ ነበር፤ ሕጉን የጻፈውን ሰው በሕጉ አስቆመው።

እሱን ባለበት ትቼ ወደ ኦቦ ጎበና ተመለስሁ። ነገሩን ነገርሁት። አልገረመውም።

«ያ የፊተኛው ሰው ነግሮን ነበር» አለኝ። «ባጫ። 'በወዲህ በኩል ኑ፣ እዚያ ግልብጥ ነው' ብሎ ሲጠራን ዘበኛው መለሰን። እኛ ደግሞ ሊያጽናናን ነው ብለን ተውነው። ከፊትም ቢሆን ያው ነው የመሰለን።»

ቀጥሎ የነገረኝን ግን ስሙ። አጸደ የምትባል ልጅ አለችው። ሦስተኛ ክፍል ነበረች። መኪናዋ መጀመሪያ ሱሉልታ በመጣች ጊዜ አባትዬው ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «በይ አንብቢልን» አላት። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ጠበቃት። ልጅቱ አየች፣ አየች፣ «ይህን ፊደል አላውቀውም» አለች። ሰው ሳቀ። አባቷ አፈረ። «ሦስት ዓመት ተምራ አንድ መስመር ካቃታት እቤት ትዋል» ብሎ አስቀራት።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያልበሰለው ማነው?

ጎበናን «ልጅህን ጥራት» አልሁት። ዘበኛውን ገለል አድርጌ ገመዱን በገዛ እጄ ፈታሁ። ያሳሰርሁት እኔ ነበርሁና። ሰዉ መጀመሪያ ፈራ፤ ከዚያ ጎረፈ። አሳያችን ፊልሙን መልሶ ጠምጥሞ እንደገና ጀመረ። ያ አባት በቀኙ ሲያማትብ ሕዝቡ እልል አለ! አንድ ሽማግሌ «ተመስገን፣ ዳነ!» ሲሉ ሰማሁ።

ፊደሉ መጣ። ልጅቱ አባቷን አየች። አባቷ እኔን አየኝ። ከዚያ ሳትደናቀፍ፣ አንድ ጊዜ፣ ጮክ ብላ «እጅህን ሳትታጠብ አትብላ» አለች።

ኦቦ ጎበና ወደ እኔ ዞረ። እንዲህም አለኝ፤ «በልጄ ላይ በደል ሠርቻለሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት እመልሳታለሁ። እናንተስ? ያን ሰው ትመልሱታላችሁ?»

«እመልሰዋለሁ» አልሁት።

ይህ ቃል ከእኔ ከወጣ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ፊታውራሪ፣ በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ ሁሉን ነገርሁዎት። ምን አሉኝ? «አቶ ወርቁ፣ ጡረታህ ደርሷል፤ በሰላም ውጣ። ቦርድ ተሳሳትሁ ብሎ ደብዳቤ ከጻፈ ነገ ማን ያምነዋል?» አሉኝ። ሁለት ጊዜ አጀንዳ አስያዝሁ። አንዴ ጊዜ አለቀ ተባለ፤ አንዴ ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ ተባለ። ባጫ እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ሥራ ነው። ሌላ ድርጅት ሥራ ሊገባ ሲል «ፊልም በመገልበጥ የተሰናበተ» የሚለውን ደብዳቤያችንን አይተው መለሱት። መኪናዋም ጋራዥ ቆማ አይጥ ጎጆ እየሠራባት ነው።

ዛሬ ግን ምልዓተ ጉባኤው አልጎደለም። ሰባታችንም አለን። ለግብዣ ሲሆን አንጎድልም።

ምን አሉ፣ ፊታውራሪ? «ይህ ግብዣ እንጂ ስብሰባ አይደለም»? ክቡርነትዎ፣ የቦርዱንም ደንብ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አንቀጽ ሦስት፣ «አምስት አባላትና ጸሐፊዋ በተገኙበት ቦታ ሁሉ ማንኛውም አባል በቃል ጉዳይ ሊያቀርብ ይችላል፤ አራት ድምፅ ያገኘ ይጸናል» ይላል። የእኔ አባልነት የሚያበቃው ነገ ነው። ዛሬ አባል ነኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ብዙ የማይረባ አንቀጽ ጽፌአለሁ፤ ይህቺ አንዷ ትጥቀመኝ።

ጸሐፊያችን አትክልት፣ ልጄ፣ ቃለ ጉባኤ መያዣሽን አውጪ። አትፍሪ፤ ሥራሽ ነው። ጻፊ።

አንደኛ፤ አቶ ባጫ ፊልም አልገለበጠም፤ የስንብት ደብዳቤው ተሽሯል፤ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራው ይመለስ። ሁለተኛ፤ አንቀጽ ዘጠኝ ይሰረዝ፤ የማሳያው ፊት ለፊት ለመጣ ሁሉ ክፍት ይሁን። ሦስተኛ፤ መኪናዋ ከጋራዥ ትውጣና ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሕዝብ፣ ጥፋቱ የእኛ እንደ ነበር በድምፅ ማጉያ ይነገረው። «ያልበሰለ» የሚለውን ቃል ጻፊና ከሥሩ «ጸሐፊው አቶ ወርቁ አንሥተውታል» በይ።

እጅ እናውጣ። የመጀመሪያው እጅ ይኸው የእኔ ነው።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ። ቀድመውኝ ነበር ለካ! እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አቶ ሀሰኖ። አመሰግናለሁ። ሦስት ሆንን።

ሦስት።

ክቡራን፣ እጄ እስኪዝል እቆማለሁ። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው እንጂ እጄ ገና ደህና ነው። የቀራችሁትን በስም አልጠራም። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ስላያችሁት ነገር ነው የምጠይቃችሁ፤ ሌላ ምስክር አልጠራባችሁም። ያ ሰው በቀኙ ሲያማትብ አይታችኋል ወይስ አላያችሁም?

«አይቻለሁ፣ አይቻለሁ፤ ኧረ ተወን!» አሉ? በቃል ሳይሆን በእጅ፣ አቶ ዳኜ።

አራት።

ጻፊ አትክልት፤ በአራት ድምፅ ጸንቷል። ሰዓቱንም ጻፊ። አሁኑኑ ላስፈርም፤ እስክሪብቶሽን ስጪኝ።

ፊታውራሪ፣ እርስዎ እጅዎን አላወጡም። አልቀየምዎትም። በዚህ አዳራሽ ብቻዎን እንደ ቀሩ እንዳይሰማዎት እነግርዎታለሁ፤ እኔም ባለፈው ጥር ያን ሜዳ ባላቋርጥ ኖሮ ዛሬ እዚያው እርስዎ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ፊርማዎ ግን ያስፈልገኛል። ሊቀ መንበር የማይፈርምበት ውሳኔ የለም፤ ተቃውሞዎትን ከፊርማዎ አጠገብ ማስፈር መብትዎ ነው።

አመሰግናለሁ።

ተፈርሟል፤ እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ ልመርቃችሁና ልቀመጥ። ሳታዩ ከመፈረም፣ አይታችሁም ከመካድ ይሠውራችሁ። የምትሠሩት ፊልም ከሰው ይድረስ፤ ተጂ ይድረስ፣ መናገሻ ይድረስ፣ ዱከምም ይዝለቅ። ቁጡ ባልደረባ አይጥፋባችሁ፤ ሲበዛም ይቻላችሁ። ልጆቻችሁ ያነበባችሁትን እንዲያነብቡ፣ ያላነበባችሁትንም እንዲጨምሩ ያድርግላችሁ። ለእኔም ባስቀየምኋችሁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በሥራ ያስቀየምኋችሁን ሳይሆን በከንቱ ያስቀየምኋችሁን።

እኔ ዛሬ ከመካከላችሁ እወጣለሁ። ባጫ ሰኞ ይገባል።